የምክር ወንበር
በከተማችን የአማካሪ ኮሚቴ አባል ሆኖ በነጻ ስለ ማገልገል



በየሰፈራችን ከሚጠሩት ስብሰባዎች ብዙዎቹ የሚጠናቀቁት ኮሚቴ በማስመረጥ ነው። እጅ ይወጣል፣ ስም ይመዘገባል፣ ጭብጨባ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ግን የተመረጠው ሰው ምን እንዲሠራ እንደሚጠበቅበት የሚያስረዳው አያገኝም። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ «ኮሚቴ ጊዜ ከማባከን በቀር ምን ይፈይዳል?» በማለት ከስብሰባ ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ የሹመት ወንበር ያገኘ መስሎት ይኮራል። ሁለቱም የአገልግሎቱን ባሕርይ ካለማወቅ የሚመጡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የአማካሪ ኮሚቴ አባልነት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በከተማችን በየትኞቹ ዘርፎች እንደሚገኝ፣ አባሉ የሚገጥሙት ፈተናዎች የትኞቹ እንደ ሆኑና በተለይ በቦሌ ሚካኤልና በአካባቢው ላሉ ሰዎች ምን ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

፩. መምከርና መወሰን

አማካሪ ኮሚቴ አይወስንም፤ ይመክራል። የመወሰን ሥልጣን ያለው በሕግ የተቋቋመው ምክር ቤት ወይም ኃላፊነት የተሰጠው ጽሕፈት ቤት ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁምስና ውስጥ ሐዋርያዊ ሥራንና ንብረትን የሚመለከቱ ምክር ቤቶች እንዲኖሩ ያዛል፤ ስለ ሀገረ ስብከቱ ሐዋርያዊ ምክር ቤት ሲናገርም ድምፁ የምክር ድምፅ ብቻ እንደ ሆነ ይደነግጋል። በቁምስና ምክር ቤት ያገለገለ ሰው የምክር ድምፅ ከውሳኔ ድምፅ የተለየ መሆኑን፣ ነገር ግን ከንቱ አለመሆኑን ያውቃል። ቆሞሱ ሁሉንም ቤት ሊያዳርስ ስለማይችል የሚያየው በምክር ሰጪዎቹ ዓይን ነው።

በሀገራችን ሕግም የመመካከር መብት መሠረት አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ላይ ዜጎች በሀገራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የአባልነታቸውን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። እንግዲህ በኮሚቴ ተቀምጦ ሐሳብ መስጠት ከባለ ሥልጣን የሚለመን ውለታ ሳይሆን መብት ነው፤ መብት ከሆነ ደግሞ ግዴታ አብሮት ይመጣል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ1965 «ደስታና ተስፋ» በተሰኘው ሰነዱ በቁጥር 75 ላይ ለጋራ ጥቅም ሲሉ ራሳቸውን ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡና የዚህን ኃላፊነት ሸክም የሚቀበሉ ሰዎች ሥራቸው ምስጋና የሚገባው መሆኑን ይገልጻል። ይህ ቃል ለሚኒስትሮችና ለከንቲባዎች ብቻ የተነገረ አይደለም። በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወረዳ አዳራሽ ውስጥ ያለ ክፍያ ተቀምጠው የችግረኞችን ስም ዝርዝር የሚያጣሩትንም ይመለከታል።

፪. በከተማችን የት የት ይገኛል?

ነዋሪው በነጻ ከሚያገለግልባቸው ኮሚቴዎች ብዙዎቻችን የምናውቀው በትምህርት ቤት ያለውን የወላጅና መምህር ኅብረት ነው። በጤና ጣቢያዎችም የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ የኅብረተሰቡ ተወካዮች ይቀመጣሉ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ በሀገር ደረጃ በተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም መዋጮውን ለመክፈል የማይችሉ ድኾች በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ይለያሉ፤ የእነርሱን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ገንዘብና ደንብ አለው፤ ማን በየትኛው ቤት እንዴት እንደሚኖር ግን የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

ይህ ነገር በግልጽ የታየው በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ሥራ ሲጀምር የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ 150 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር መድበውለት ነበር። ሊደርስላቸው የታቀደው ሰዎች ቁጥር 604,000 ሲሆን ከፍተኛው ድርሻ የአዲስ አበባ ነበር። ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶ ያህሉ መሥራት የሚችሉ በመሆናቸው በአካባቢ ጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሰል ሥራዎች ተሰማርተው ደመወዝ እንዲያገኙ፣ ከሚያገኙትም 20 በመቶውን እንዲቆጥቡ ተደረገ። 16 በመቶ ያህሉ ደግሞ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና በጽኑ ሕመም የተያዙ ወገኖች ስለ ነበሩ ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጣቸው ታቀደ። በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዕራፍ ተከትሎ ወደ ብዙ ተጨማሪ ከተሞች ተስፋፋ።

እነዚህን ሰዎች ማን መረጣቸው? በየአካባቢው ከነዋሪው የተውጣጡ የልየታ ኮሚቴዎች ናቸው። ኮሚቴው እጅግ ችግረኛ የሆኑትን ቤተሰቦች ይጠቁማል፤ ከዚያም ስለ ቤተሰቡ ሁኔታ መረጃ ይሰበሰብና ይመዘናል። የተለዩት ሰዎች ስም በአደባባይ ይለጠፋል፤ ተገቢ ሳይሆን ቀርቷል የሚል ሰው ለአቤቱታ ሰሚ ያመለክታል። መዛኙ ቀመር ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ስሙ በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ያልሰፈረን ሰው ሊመዝነው አይችልም። አቤቱታ ሰሚውም ቢሆን ስለ ፕሮግራሙ ያልሰማ ወይም ለማመልከት የማይደፍር ሰው አይመጣለትም። ስለዚህ የኮሚቴው አባል ሥልጣን ትንሽ ቢመስልም በአንድ ቤተሰብ የዓመታት ኑሮ ላይ የሚወድቅ ነው።

፫. የተዘነጉት መበለቶች

በቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ምክርና ስለ አገልጋዮች ምርጫ ብዙ ምሳሌዎች አሉ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ዮቶር ሙሴን ብቻውን ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈርድ አይቶ ሸክሙን እንዲያካፍል መክሮታል፤ የሚመረጡትም ዐዋቂዎች፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ታማኞችና ጉቦን የሚጠሉ እንዲሆኑ ነግሮታል። ይህ ዛሬም ለኮሚቴ ምርጫ የሚበቃ መስፈርት ነው።

ለጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የሚገኘው ታሪክ ነው። በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ለመበለቶች በየዕለቱ ርዳታ ታከፋፍል ነበር። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶቻቸው በክፍፍሉ እየተዘነጉ መሆናቸውን በመግለጥ አጉረመረሙ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛ፣ መጽሐፉ በዕለታዊው አገልግሎት እንደ ተዘነጉ ይናገራል እንጂ ማንም በክፋት ከለከላቸው አይልም። አከፋፋዮቹ የሚያውቋቸውን፣ ቋንቋቸው የሚገባቸውን፣ በራቸው የሚቀርባቸውን እየሰጡ ሌሎቹን ሳያዩ ቀርተው ሊሆን ይችላል። በደል ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጥላቻ ሳይሆን ባለማየት ነው።

ሁለተኛ፣ ሐዋርያት ማጉረምረሙን እንደ ዐመፅ አልቈጠሩትም። ሕዝቡን ሰብስበው ጉዳዩን በግልጽ ተነጋገሩበት፤ መራጩም ሕዝቡ ራሱ ሆነ።

ሦስተኛ፣ የተመረጡትን ሰባት ሰዎች ስም ብንመለከት እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና ኒቆላዎስ ናቸው፤ ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። በዚህም ምክንያት ብዙ ተርጓሚዎች ኅብረቱ አገልግሎቱን በዘነጋቸው ሰዎች ወገን እጅ እንዳስቀመጠው ይረዳሉ። የተዘነጋውን የሚያየው ሰው ከእርሱ አጠገብ የቆመው ነውና።

እንግዲህ የአማካሪ ኮሚቴ አባል የመጀመሪያ ተግባር በአዳራሹ ውስጥ የሌለውን ሰው ወደ አዳራሹ ማምጣት ነው። ይህ ባይቻል ስለ እርሱ በእውነት መናገር ነው።

፬. በቦሌ ሚካኤል ማን ይዘነጋል?

ቦሌ ሚካኤል ከአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ የሚገኝ፣ ሆቴልና ሱቅ የበዛበት፣ ገበያው የሞቀ ሰፈር ነው። የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ከዚያ የመጡ ብዙ ስደተኞችና ነጋዴዎች ስለ ሰፈሩበት «ትንሿ ሞቃዲሾ» እያሉ የሚጠሩት አሉ። በዋናው መንገድ ለሚያልፍ ሰው የችግረኛ ሰፈር አይመስልም። ከፎቆቹና ከግቢዎቹ ጀርባ ግን በሰርቪስ ቤትና በጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የቀን ሠራተኞች፣ ልብስ አጣቢዎች፣ በመንገድ ዳር የሚቸረችሩ እናቶች፣ ከዐረብ ሀገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ እኅቶች አሉ።

እንበልና አንዲት እናት በአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ በአንዲት ክፍል ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ኪራይ በጨመረ ቍጥር ስለምትለቅ በአንድ ቦታ ሁለት ዓመት አልቈየችም። ወርኃዊ መዋጮ ስለማትችል የዕድር አባል አይደለችም። የነዋሪነት መታወቂያዋ የቀድሞ ሰፈሯ ነው፤ ወይም ከነጭራሹ የላትም። በስብሰባ ቀን እንጀራ ልትሸጥ ስለምትወጣ አትገኝም። ኮሚቴው በዕድሩ መዝገብና በነባር ነዋሪዎች ትውስታ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ዝርዝር ቢያዘጋጅ ይህች እናት በማንም ክፋት ሳይሆን በአሠራሩ ብቻ ትቀራለች። በኢየሩሳሌም የተዘነጋችው መበለት በቦሌ ሚካኤል እርሷ ናት።

ችግሩ በተከራይ ብቻ አይወሰንም። ዐማርኛ አጥርተው የማይናገሩ ነዋሪዎች በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝርና የአቤቱታ ቀነ ገደብ አያነቡም። በ2016 ዓ.ም. በከተማችን የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ሰፈር የለወጡ ቤተሰቦችም ብዙዎች ናቸው፤ የቀድሞ ጎረቤት የሚያውቃቸው ቢሆኑም አዲሱ ጎረቤት ገና አላወቃቸውም። ስደተኞችን በተመለከተ አንድ ፕሮግራም በደንቡ ላያካትታቸው ይችላል። እንዲህ ሲሆን አባሉ የሌለውን ተስፋ ሳይሰጥ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ክፍል ሊያመለክታቸው ይገባል።

እኛ ካቶሊካውያን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ ከሀገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበርን። በየኮሚቴው ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ ከሙስሊምና ከወንጌላውያን ወንድሞችና እኅቶች ጋር እንቀመጣለን። በዚያ ወንበር ላይ የቁምስናችን ወኪሎች አይደለንም፤ የተመረጥነው ለሰፈሩ ሁሉ ነው። ከቁምስናችን ችግረኞች አንዱን ብቻ አስቀድመን ብናስገባ አገልግሎታችንን አጉድለናል።

፭. አባሉን የሚገጥሙት ፈተናዎች

ሀ) ወገንተኝነት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል በሀገራችን ብዙ ጥፋት አድርሷል። በኮሚቴ ውስጥ የሚበላው ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ የእኅትን ልጅ ስም ማስገባት፣ የባላንጣን ስም ማስቀረት ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የዘመዳችን ጉዳይ ሲነሣ ዝምድናችንን እንናገር፤ ጉዳዩ እስኪያልቅም ከአዳራሹ እንውጣ፤ መውጣታችንም በቃለ ጉባዔው ይስፈር። ዘመዳችን በእውነት ችግረኛ ከሆነ ሌሎቹ ያዩታል።

ለ) ይሉኝታ። ከወገንተኝነት ይልቅ ደጋጎችን የሚጥለው ይሉኝታ ነው። ሰብሳቢው ሽማግሌ ስለ ሆኑ፣ የወረዳው ሠራተኛ ስለ ቸኰለ፣ ጎረቤታችን ይቀየመናል ብለን ስለ ፈራን ዝም እንላለን። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ነገር ግን በኮሚቴ ውስጥ ዝምታ እንደ መስማማት ይቈጠራል። የተቃውሞን ሐሳብ በአክብሮት መናገር ይቻላል፤ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ የማውቀው ከዚህ ይለያል» ማለት ድፍረት አይደለም። ሐሳባችን ባይጸድቅ እንኳ የልዩነት ሐሳባችን እንዲመዘገብ የመጠየቅ ልማድ ይኑረን።

ሐ) ለማጀብ መቀመጥ። አንዳንድ ኮሚቴ የሚጠራው አስቀድሞ ያለቀ ነገር ላይ ፊርማ ለማሰባሰብ ነው። ያላነበብነውን ቃለ ጉባዔ አንፈርም። ባዶ ወረቀት ላይ የሚፈረም ፊርማ የምክር ድምፅን ያዋርዳል። ሰነዱ አስቀድሞ እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቅ፤ ባይሰጠን ጥያቄያችንን በቃለ ጉባዔው እናስመዝግብ።

መ) ምስጢር አለመጠበቅ። ችግረኛን ለመለየት የሚነገሩ ነገሮች የሰውን ገመና ይገልጣሉ፤ የማን ባል ጥሏት እንደ ሄደ፣ ማን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ የማን ልጅ እስር ቤት እንዳለ ይነገራል። ይህን በዕድር ድንኳን ወይም በቡና ላይ ማውራት ከስርቆት አያንስም። ገመናው የወጣበት ሰው ሁለተኛ ጊዜ ርዳታ ለመጠየቅ አይመጣም።

ሠ) «በነጻ ነው» በማለት መስነፍ። አገልግሎቱ ደመወዝ ስለሌለው እንደ ፈለግን የምንሠራው አድርገን እንቈጥራለን። በሦስት ስብሰባ ሁለቱን የሚቀር አባል ምልዓተ ጉባዔን ያጓድላል፤ የሰዎች ጉዳይም ያድራል። ጊዜ ከሌለን ቀድመን «አልችልም» ማለት ቅንነት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ለትራንስፖርት የሚሰጥ አበል ሲኖር ለአበሉ ብለን የማንረባበትን ወንበር አንያዝ።

፮. ተግባራዊ ምክሮች

ከስብሰባው በፊት፤ የተመረጥንበትን ኮሚቴ መመሪያ እንጠይቅና እናንብብ። ምን መምከር እንደምንችል፣ ውሳኔው የማን እንደ ሆነ፣ አቤቱታ ለማን እንደሚቀርብና ቀነ ገደቡ መቼ እንደ ሆነ በማስታወሻ እንያዝ። ከዚያም እንውጣና እንይ። ኮሚቴው ሰፈሩን በብሎክ ተከፋፍሎ የግቢዎችን ጀርባ ቢያንኳኳ፣ ተከራዮችን በማታ ወይም በእሑድ ቢያነጋግር፣ በመዝገብ ያልተገኙ ብዙ ሰዎችን ያገኛል። ቋንቋ የሚችል ወጣት አብሮ ቢሄድ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

በስብሰባው ጊዜ፤ «ድኻ ነው» ብሎ ከመናገር ያየነውን መናገር ይሻላል፤ በክፍሉ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደ ታመመ። ይህ ዐይነት ምስክርነት ለክርክር ቦታ አይሰጥም። ያላየነውን ቤት ደግሞ «አላየሁም» እንበል። በየስብሰባው መጨረሻ አንድ ጥያቄ መጠየቅን ልማድ ብናደርግ መልካም ነው፦ «በዚህ ዝርዝር ላይ ማን የለም?»

ከስብሰባው በኋላ፤ የተለጠፈውን ዝርዝር ለማያነቡት እንንገር። የተቀሩት ሰዎች ምክንያቱን እንዲያውቁና አቤቱታ ማቅረብ እንዲችሉ እንርዳቸው። እኛ ባለንበት ኮሚቴ ላይ አቤቱታ ሲቀርብ እንደ ስድብ አንቍጠረው፤ ሐዋርያት ማጉረምረምን በሰሙበት ልብ እንስማው።

፯. ምክራችን ባይሰማስ?

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚል የቈየ ብሂል አለን። ይህ ብሂል ለአንድ ግትር ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ለአማካሪ ኮሚቴ ግን አይሠራም። ጽሕፈት ቤቱ ምክር ባይሰማ መከራው የሚወርደው በጽሕፈት ቤቱ ላይ ሳይሆን ከዝርዝሩ በተረሳችው እናት ላይ ነውና። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተናግሮ «እኔ ብያለሁ» ብሎ መተው አይበቃም። ምክሩን በጽሑፍ ማቅረብ፣ መልሱን በቀጠሮ መጠየቅ፣ መልሱ «አይቻልም» ከሆነ ምክንያቱ እንዲነገር ማድረግ፣ ቀጥሎም በደንቡ መሠረት ወደ ክፍለ ከተማው ማቅረብ ይገባል። ይህን ሁሉ ያለ ቍጣና ያለ ስም ማጥፋት ማድረግ ይቻላል። የወረዳው ሠራተኛም ብዙ ጊዜ በበላይ የተወሰነ ኮታ ይዞ የሚጨነቅ ሰው መሆኑን እናስታውስ፤ በደንብ የተጻፈ ምክር እርሱ ራሱ ለበላዮቹ የሚያሳየው ማስረጃ ይሆንለታል።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ሁሉ ተደርጎም አይሳካም። በጀቱ ያልቃል፣ ኮታው ይሞላል። ያን ጊዜ የተጻፈው ነገር ለሚቀጥለው ዙር ይቈያል፤ ቁምስናውና ዕድሩም የተቀሩትን ቤቶች ያውቋቸዋልና በዐቅማቸው ይደርሱላቸዋል። ምክሩ ባይጸድቅም የተንኳኳው በር ታውቋል።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህን ትምህርት ለወጣቶች ስትሰጡ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ከቍጥር 1 እስከ 7 አስነብቡ። ከዚያም ወጣቶቹን በሁለት ቡድን ከፍላችሁ አንዱ እንደ ልየታ ኮሚቴ፣ ሌላው እንደ አቤቱታ አቅራቢ ሆኖ እንዲነጋገር አድርጉ። ቃለ ጉባዔ የሚይዝ አንድ ወጣት ምረጡ፤ በመጨረሻም ያነብላቸውና የተባለው በትክክል መጻፉን ሁሉም ይመስክር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የምክር ድምፅና የውሳኔ ድምፅ ልዩነታቸው ምንድን ነው? የምክር ድምፅ ኃይል ከምን ይመጣል?

2. ከሰባቱ አገልጋዮች ምርጫ ለሰፈራችን ኮሚቴ ምን እንማራለን?

3. በምንኖርበት ብሎክ በዕድር መዝገብ የሌሉ፣ በስብሰባም የማይታዩ ሰዎች እነማን ናቸው? ከመካከላቸው በስም የምናውቃቸው ስንት ናቸው?

4. ይሉኝታ በጎ የሚሆነው መቼ ነው? በደል የሚሆነውስ መቼ ነው?

5. ከቁምስናችን ምእመናን በአሁኑ ጊዜ በየኮሚቴው የሚያገለግሉት እነማን ናቸው? ቁምስናው በምን ሊያግዛቸው ይችላል?